የአንድ ዳገት ዕዳ

የሞተር ዘይት መለካት።
ራዲያተር ውስጥ ውሃ መሙላት።
ጎማዎቹን በመዶሻ እየመቱ ድምፃቸውን መስማት።
ዱቄት መጫን፣ ሸራ ማልበስ፣ ገመድ ማጥበቅ።
ዳገቱን መውጣት።
ሁለተኛው ኩርባ ላይ ቆሞ ሞተር ማቀዝቀዝ።
የቀረውን ዳገት መውጣት።
ለዳቦ ቤቶቹ ማራገፍ።
መውረድ።
ጋቢናውን መጥረግ፣ ታኮዎቹን በየቦታቸው መስቀል።

አባ ኤሊ የሚባለው ሾፌር የዕለት ሥራ ይህ ነበር። ከእነዚህ አንዱን አጓድሎ የዋለበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው አልነበረም። ስሙን ያገኘው ከመኪናው ነው። መኪናዋ አፍንጫዋ አጭር፣ ሞተሯ ባለአራት ሲሊንደር፣ ቀለሟም በፀሐይ ብዛት ምን እንደነበረ የማይታወቅ የጭነት መኪና ነበረች። ዳገቱን ስትወጣ እግረኛ እየቀደማት ስለሚያልፍ ኤሊ ተባለች። ጥንት ሰው በፈረሱ ስም ይጠራ እንደነበረ ሁሉ እርሱም በመኪናው ተጠርቶ አባ ኤሊ ሆኖ ቀረ። በስሙ ተቀይሞ አያውቅም። «ኤሊ ቤቷን ተሸክማ ትሄዳለች፤ የኔዋ ደግሞ የሰው ቁርስ ተሸክማ ትሄዳለች። ማን ይበልጣል?» ይል ነበር።

ዳገቱ ከታችኛው ሰፈር ከዱቄት ፋብሪካው በር ተነሥቶ እስከ ላይኛው ሰፈር ይዘልቃል፤ ሦስት ኩርባ አለው። አባ ኤሊ ይህን መንገድ የሚያውቀው በዓይኑ ሳይሆን በማርሽ ነበር። የመጀመሪያው ኩርባ ሦስተኛ ማርሽ የሚሰናበትበት ነው። ሁለተኛው ውሃ የሚፈላበት ነው። ሦስተኛው፣ ከነጩ ግንብ ሥር ያለው፣ በአንደኛ ማርሽ ከንፈርን ነክሶ የሚታለፍ ነው። የሞተሩ ድምፅ ዝቅ ማለት ሲጀምር ቀኝ እጁ ማንንም ሳይጠይቅ ሄዶ ማርሽ ይቀንሳል። ከመንገዱ በስተግራ ሰፊ ሸለቆ እንዳለ ይነገራል እንጂ እርሱ አይቶት አያውቅም፤ ዓይኑ ሲወጣ ከሙቀት መለኪያው፣ ሲቆም ከራዲያተሩ፣ ሲወርድ ከኩርባው ላይ ተነሥቶ አያውቅምና።

በዚያ መንገድ ሾፌሮች ዘንድ አንድ ሕግ ነበር። ዳገት ላይ ቆሞ የቀረ መኪና በሌላው ከተጎተተ ጎታቹ ገንዘብ አይቀበልም፤ የተጎተተው ግን ለዚያ ሰው አንድ ዳገት አለበት። ዳገት የሚከፈለው በዳገት ብቻ ነው። ዕዳው ተከፈለ የሚባለውም ባለዳገቱ፣ ዳገት ያበደረው ሰው፣ በገዛ እጁ የመጎተቻውን ካቦ ሲፈታ ነው። ሕጉን ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ ሲጣስ ግን አልታየም።

አባ ኤሊ አንድ ዳገት ነበረበት። የነበረበትም ጎሽ ለሚባሉት አዛውንት ሾፌር ነው። ጎሽ የባለስድስት ሲሊንደር ትልቅ መኪና ባለቤት ነበሩ፤ ቅጽል ስማቸውንም ያወጣላቸው በመኪናቸው ግንባር ላይ እንደ ቀንድ ተቆልምሞ የቆመው ወፍራም ብረት ነው። ከዳገቱ ሥር ሱቅ ያለው ጎማ ሠሪ ግን ሌላ አስተያየት ነበረው። «ስማቸው ነው እንጂ ጎሽ፣ ከአፋቸውስ ለማንም 'ጎሽ' የሚል ቃል ወጥቶ አያውቅም» ይል ነበር።

ዕዳው የመጣው ዝናብ በሚጥልበት አንድ ጠዋት ነው። ኤሊ ሙሉ ዱቄት እንደ ጫነች ነጩ ግንብ ሥር ትንፋሿ ተቆረጠ። ከጎማዋ ሥር የተወሸቀው ታኮ ባይኖር ኖሮ ወደ ኋላዋ ተንከባላ ትወርድ ነበር። ከበስተኋላ የደረሱት ጎሽ አልጮኹም፣ ጥሩምባም አልነፉም። ዞረው አለፉና ወርደው ካቦ አሰሩ፤ ጎትተውም ከዳቦ ቤቱ በር አደረሱት። ዱቄቱ ሳይርስ ገባ። ካቦውን እየጠቀለሉ «ዳገት አለብህ፣ አንተ ኤሊ» አሉት። በዚያ የነበረ ሰው ሁሉ ሳቀ። ኤሊ ጎሽን የምትጎትትበት ቀን በየትኛው ዘመን ይመጣል?

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ በተገናኙ ቁጥር ሰላምታቸው ይኸው ሆነ።

«ዳገቴስ?»

«አለ፣ ጋሽ ጎሽ። ይቆይልኝ።»

ይህ ሰላምታ ለዓመታት ቆየ። ለሌሎቹ ቀልድ ነበር፤ ለአባ ኤሊ ግን አልነበረም። የሰው ውለታ ትከሻው ላይ ሲያድር የማይመቸው ሰው አለ፤ እርሱ ከእነዚያ አንዱ ነበር።

በኋላ የጎሽ ሞተር ሞተ። ከዳገቱ ሥር፣ ከጎማ ሠሪው ደጃፍ ፊት ለፊት፣ አንድ ከባድ ድምፅ አሰማና ተቆለፈ። ፒስተኑ ከነበረበት እንደማይነሣ ተረጋገጠ። ጎሽም ዕድሜያቸውንና ሞተሩን አንድ ላይ መዘኑና መንዳት ይብቃኝ አሉ። የላይኛው ሰፈር ጋራዥ ባለቤት መኪናዋን ለመለዋወጫ ሊገዛ ተስማማ፤ ነገር ግን እስከ እሑድ ድረስ እግቢው ከደረሰች ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ቦታውን ለሌላ መኪና ይሰጠዋል።

በሻይ ቤቱ ውስጥ ነገሩ ሲነሣ ጎማ ሠሪው ብርጭቆውን አስቀምጦ «ምን ያስጨንቃል፣ ጋሽ ጎሽ? ጎታች መኪና መከራየት ነው» አላቸው።

ጎሽ ወደ አባ ኤሊ በአገጫቸው ጠቆሙ። «ለምን እከራያለሁ? እዚህ የተቀመጠ ባለዕዳ አለኝ።»

ሻይ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ጎማ ሠሪው እጁን አነሣ። «ብድር በምድር ሲባል ሰምቻለሁ፤ ብድር በዳገት ግን ዛሬ ገና ሰማሁ! ዛሬ ኤሊ ጎሽን ከጎተተች ነገ ጉንዳን ዝሆን ታዝላለች።»

አባ ኤሊ አልሳቀም። «እጎትታለሁ» አለ። «እስከ እሑድ ይጠብቁኝ።»

ጎሽ ፈገግታቸውን ሰበሰቡ። «ቀልዴን እኮ ነው፣ አንተ ሰው።»

«የኔ ግን ቀልድ አይደለም።»

በቤቱ ሁለት ሴቶች ነበሩ፦ ሚስቱና የሚስቱ ታናሽ እህት። ታናሺቱ በያጅ ናት። በትልልቅ አውቶቡሶች ጋራዥ ለብዙ ዓመት ሠርታ ኋላ የራሷን ብየዳ ቤት ከፈተች። ብየዳ ቤቷ ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ነበር፤ ወለሉ በብረት ብናኝ ጠቁሯል፤ ከማእዘኑ የተደገፉት የጋዝ ጠርሙሶች እንደ ሽማግሌ ዘበኞች ይታያሉ። አባ ኤሊ ቃሉን በሰጠ ማግስት ማለዳ እዚያ ሄዶ ቆመ።

«ጎሽን ልጎትት ነው» አላት።

የብየዳ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋችው። «በምን?»

«በኤሊ።»

«ጋሼ፣ ኤሊ እኮ ራሷን መጎተት ያቅታታል!»

«እሱን አውቃለሁ። ለዚህ ነው ወደ አንቺ የመጣሁት።»

እርሷ ከመደርደሪያው ሥር አንድ ነገር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ቀንድ አውጣ የሚመስል፣ ጎመን የሚያክል የብረት ዕቃ ነበር። «ቱርቦ ነው» አለችው። «ከተጋጨ ሚኒባስ ላይ ያወረድኩት። የሚኒባሱም ሞተር ባለአራት ሲሊንደር ነበር። ስንት ጊዜ ልነግርህ አስቤ ተውኩት፤ እህቴ ትገድለኛለች ብዬ።»

«ጋሽ ጎሽ መኪናቸው ላይ ትልቅ አለ፤ የሳቸውን ብንወስድስ?»

«የሳቸው ለኤሊ የአያት ጫማ ለሕፃን እንደ ማጥለቅ ነው። የአራት ሲሊንደር ትንፋሽ አያዞረውም።»

ከዚያም ጣቱን ይዛ በዕቃው አንድ አፍ በኩል ወደ ውስጥ አስገባችው። በዚያ ቅጠል የመሰሉ ስስ ክንፎች ያሉት ትንሽ መንኮራኩር ነበር። አባ ኤሊ በጣቱ ጫፍ ነካው። መንኮራኩሩ ያለ አንዳች ድምፅ ዞረ፤ ጣቱን ካነሣ በኋላም መዞሩን አላቆመም። ሰውየው ጎንበስ ብሎ አየው።

በያጇ አስረዳችው። «ሞተርህ የሚተፋው ጭስ ትኩስ ነው፤ ጉልበት አለው። እስከ ዛሬ በጭስ ማውጫው በማርሚታ በኩል ለሰማይ ስትሰጠው ኖርክ። አሁን እዚህ ይገባና ይህን መንኮራኩር ያዞራል። በዚያው ዘንግ ላይ፣ በወዲያ በኩል፣ ሌላ መንኮራኩር አለ። እሱ ከውጭ አየር ስቦ ወደ ሲሊንደሮቹ ይጠቀጥቃል። አየር ሲበዛ ናፍጣ መጨመር ይቻላል። ናፍጣው በደንብ ሲቃጠል ጉልበቱ ይመጣል።»

«እንግዲያ በገዛ ጭሷ ነው የምትወጣው?»

«በገዛ ጭሷ። ይህ ዘንግ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ዙር በላይ ይዞራል።»

«ማን ቆጠረው?»

«የቆጠሩት ቆጥረውታል። አንተ እመን።»

አባ ኤሊ ግን ለማመን አልተቸገረም፤ ያስቸገረው መደነቁን መቻል ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ከኋላው ጥቁር ጥላ እየሠራ ሲበተን ያየው ጭስ፣ እግረኞች አፍንጫቸውን የያዙለት፣ እርሱም ያፈረበት ጭስ፣ ለካ የተጣለ ጉልበት ኖሯል። የጎደለው ነገር ከራሱ መኪና ጅራት ላይ ሲባክን ኖረ። ሰው ስንት ነገር እንደዚህ እንደሚጥል ማን ያውቃል?

ቤት ሲነግራት ሚስቱ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አደመጠችው። ዕቃውን ባየች ጊዜ ወደ እህቷ ዞራ «ኤሊን ለማፍጠን ቀንድ አውጣ አመጣሽ?» አለቻት። ሁሉም ሳቁ። ወዲያው ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ የማያስቀውን ጥያቄ ጠየቀች። «ሞተሯ ብትፈነዳስ?»

በያጇ አልዋሸቻትም። «እነዚህ ፒስተኖች ቱርቦ ይመጣብናል ብለው አልተሠሩም። ብዙ ካነፈስንበት መጀመሪያ የሞተሩን ክዳን የሚያሽገው የቴስታታ ጓርኒሲዮኒ ይቀደዳል፤ ከባሰ ፒስተን ይቀልጣል። ስለዚህ የምንጨምረው ጥቂት ነው። እንለምናታለን እንጂ አናዛትም።»

«ኤሊ ከሌለች ሥራ የለም፤ ታውቃለህ» አለችው ሚስቱ።

«አውቃለሁ።»

«ዕዳውም አለ» አለች እንደገና።

«እሱም አለ።»

ሚስቱ እጇን ከወገቧ ላይ አወረደች። «እንግዲህ ሂዱ። እኔም 'ዳገቴስ?' የሚለውን ነገር መስማት ሰልችቶኛል።»

ሥራው በጥንቃቄ ተሠራ። በያጇ ከወፍራም ብረት ማገናኛ ቆርጣ በፋይል አስተካከለች፤ የጭስ ማውጫው ብረት በድንገተኛ ሙቀት እንዳይሰነጠቅ ቀድማ አሙቃ በየደረጃው በየደችው። ለቱርቦው ዘንግ ዘይት የምታደርስ ቀጭን ቱቦ ከሞተሩ ሳበች፤ ዘይቱ የሚመለስበትን ቱቦ ግን ሰፊና ቁልቁል አደረገችው። «ዘይት እንደ እንግዳ ነው፤ ሲመጣ በጠባብ በር ይገባል፣ ሲሄድ ግን ሰፊ በር ይፈልጋል» አለች። ከናፍጣ ፖምፓው ላይ ያለውን ቡሎን በጣም በጥቂቱ አዞረች፤ አባ ኤሊ «ጨምሪ» ሲላት እጁን በጨርቅ መታችው። በጋቢናው ውስጥም የጭሱን ሙቀት የሚያሳይ መለኪያ አኖረችና ላዩ ላይ በቀይ ቀለም መስመር አሰመረች። «ከዚህ ካለፈ እግርህን አንሣ። ጎሽም ይሁን ዝሆን፣ አንሣ።»

ዓርብ ዕለት ኤሊን ግማሽ ዱቄት ጭነው ለሙከራ ወጡ። መንገዱ እንደ ተቃና አባ ኤሊ ፊቱን አኮሳተረ።

«ድምፅ የላትም። ታማለች።»

«አልታመመችም። ቱርቦው ጩኸቷን ዋጠው። ንዳ።»

ወደ መጀመሪያው ኩርባ ሲደርሱ ድምፁ ትንሽ ዝቅ አለ። የአባ ኤሊ ቀኝ እጅ እንደ ልማዱ ማንንም ሳይጠይቅ ሄደና ማርሽ ቀነሰ። ኤሊ እንደ ተወጋ በሬ ጮኸች፣ ተንገጫገጨችም፤ የበያጇ ጉልበት ከፊት ካለው ብረት ጋር ተጋጨ።

«ማን ማርሽ ቀንስ አለህ?»

«ኩርባው ነዋ!»

«ኩርባ አይነዳም፣ ጋሼ! አንተ ነህ የምትነዳው። ተዋትና አንዴ ትሥራ!»

እንደገና ወደ ሦስተኛ መለሰው፤ እጁንም ከማርሹ ላይ አነሣ። ድምፁ ዝቅ አለ፤ እጁ ተቁነጠነጠ፤ ቻለው። ያን ጊዜ ከኮፈኑ ሥር ቀጭን ፉጨት ተነሣ። በመጀመሪያ ከሩቅ ቤት እንደሚሰማ የማንቆርቆሪያ ድምፅ ነበር፤ ቀስ እያለ ከፍ አለ። መቀመጫው ከጀርባው ገፋው። ኤሊ ዳገቱ እንደሌለ ሁሉ ወጣች። ውሃ የሚፈላበትን ሁለተኛውን ኩርባ ሳይቆሙ አለፉ። አባ ኤሊ መለኪያውን አየ፤ ከቀዩ መስመር በታች ነው። ደግሞ አየው። ሦስተኛ ጊዜ ማየት ሳያስፈልገው ቀረና ዓይኑን ወደ ግራ መለሰ።

ሸለቆው እዚያ ነበር። ከታች ወንዙ እንደ ተዘረጋ ሪባን ያበራል፤ የዱቄት ፋብሪካው ጣሪያ የክብሪት ቀፎ አክሏል፤ ከወዲያ ማዶ ተራራ ከተራራ ጀርባ እየተደራረበ ወደ ሰማያዊነት ይሄዳል። ዕድሜውን ሙሉ በዚህ መንገድ የተመላለሰ ሰው ይህን ሁሉ ዛሬ ገና አየው።

«ይህ ሁሉ እዚህ ነበር?» አለ።

«መቼም ዛሬ ጠዋት አልተሠራም» አለች በያጇ፤ ድምፅዋ ግን ለስልሶ ነበር።

ከላይ ደርሰው እንደ ቆሙ እጁ ወደ ቁልፉ ሄደ። ናፍጣ ለመቆጠብ ሲል ሁልጊዜ በቆመባት ቅጽበት ሞተር ያጠፋ ነበር። በያጇ እጁን ያዘችው። «አታጥፋ! ዘንጉ ገና እየዞረ ነው፣ ግሏልም። ሞተር ከጠፋ ዘይት አይደርሰውም፤ ይቃጠላል። ትንፋሿ እስኪመለስ ዝም ብለህ ጠብቃት።» እርሱም ጠበቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዕለት ሥራው ላይ አንድ ግዴታ ተጨመረ፤ ሞተር ማሳረፍ።

እሑድ ጠዋት ከዳገቱ ሥር ሕዝብ ተሰበሰበ። ጎማ ሠሪው ሱቁን ዘግቶ ወጥቶ ነበር። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ» አለ ጮክ ብሎ፤ «የኤሊ ግን ከመሄዱ በፊት እንዳይጠነባ!»

«አፍህን ከምታሠራ እጅህን አሠራ» አሉት ጎሽ። «ታኮ ያዝና ከኋላዬ ሂድ። ሞተር የሌለው መኪና ፍሬኑ ይከብዳል።» ጎማ ሠሪውም እየሳቀ ታኮውን ትከሻው ላይ አደረገ።

ኤሊ ላይ ግማሽ ጭነት ዱቄት ተጫነ፤ ባዶዋን ብትሆን ጎማዋ እየተሽከረከረ መሬት አይጨብጥም ነበርና። ካቦው ታሰረ። በያጇ ጋቢና ገባች። «በአንደኛ ከሄድን እየጮኸች ነፋስም ሳታገኝ ትግላለች። በሁለተኛ እንወጣለን። አንዴ ሁለተኛ ከገባህ መቀነስ የለም። ማርሽ ለመቀነስ ፍሪሲዮን ከረገጥክ ካቦው ይላላል፤ እንደገና ሲወጠር ይበጠሳል። ከኋላ ያለው ሰው ደግሞ ጋሽ ጎሽ ናቸው።»

አባ ኤሊ ሞተሩን አስነሣ። ካቦው ተወጠረ፤ ሁለቱ መኪኖች አንድ ላይ ተነቃነቁ። የመጀመሪያውን ኩርባ ሰው እየተከተላቸው አለፉ። ፉጨቱ ተነሣ። በሁለተኛው ኩርባ ላይ የጭሱ ሙቀት ወደ ቀዩ መስመር ተጠጋ፤ እግሩን በጥቂቱ አነሣ፤ መርፌውም ቆመ። ከኋላ ጎሽ ከባዱን መሪ በሁለት እጃቸው እያዞሩ፣ የመኪናቸውን ቀንድ ወደ ኤሊ ጀርባ አቅንተው ይከተላሉ።

ነጩ ግንብ ታየ። ዳገቱ እዚያ ላይ እንደ ግድግዳ ይቆማል። የሞተሩ ድምፅ ወረደ። ደግሞ ወረደ። የአባ ኤሊ ቀኝ እጅ ከመሪው ላይ ተነሣ፤ በዚህ ቦታ፣ በዚህ ድምፅ፣ ዕድሜውን ሙሉ ያደረገውን ሊያደርግ ወደ ማርሹ ሄደ። መዳፉ የማርሹን እጀታ ነካ። በያጇ አየችው፤ አልጮኸችም።

ሰውየው እጁን መልሶ ጭኑ ሥር ከተተውና ተቀመጠበት።

ኤሊ ልትቆም ደረሰች። የግንቡ ድንጋዮች አንድ በአንድ የሚቆጠሩ እስኪመስሉ ዘገየች። ከዚያም ያ ጎመን የሚያክል ብረት፣ ማንም በማያየው ፍጥነት እየዞረ፣ የራሷን ትንፋሽ ወደ ደረቷ መልሶ ሞላላት። ድምፁ መውረዱን አቆመ። ከቆመበት ተነሣ። ጎማ ሠሪው ታኮውን አቅፎ፣ አፉን ከፍቶ ተከተለ። ኤሊ ጎሽን እየጎተተች ነጩን ግንብ አለፈች።

እጋራዡ ግቢ ገብተው ቆሙ። ጎሽ ከመኪናቸው ወርደው ወደ ኤሊ በር መጡ። አባ ኤሊ አልወረደም፤ ሞተሩም አልጠፋም።

«ለምን አታጠፋውም?»

«እያረፈች ነው፣ ጋሽ ጎሽ።»

«ሞተር ያርፋል እንዴ?»

«ይቺኛዋ ታርፋለች።»

አዛውንቱ አልተከራከሩም። እጃቸውን በኮፈኑ ላይ አድርገው የሚንቀጠቀጠውን ብረት አዳመጡ። የተሰበሰበው ሁሉ አብሯቸው ጠበቀ። ከቆይታ በኋላ በያጇ በጭንቅላቷ ምልክት ሰጠች፤ አባ ኤሊም ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ጸጥ አለ። ከጸጥታው ውስጥ ግን ያ ትንሽ መንኮራኩር ገና ሲዞር ተሰማ፤ እየቀጠነ፣ እየራቀ ሄዶ፣ ጠፋ።

«ጎሽ» አሉ አዛውንቱ።

ጎማ ሠሪው ትንፋሹ ገና ሳይመለስ «ስምዎን ነው የጠሩት ወይስ እሱን ነው ያሉት?» ሲል ጠየቃቸው።

አዛውንቱ ወደ ሁለቱ መኪኖች መካከል ሄደው አጎነበሱና ካቦውን በገዛ እጃቸው ፈቱ። አባ ኤሊ ለጎሽ የነበረበት የአንድ ዳገት ዕዳ ሙሉ በሙሉ ተከፈለ።